ወንጪ ላይ አሜን ያላልኩበት ጸሎት

ጥቅምት 2005፣ ቅዳሜ ማለዳ ከባለቤቴ ከሌሊሴ ጋር ከአምቦ ተነሣን፤ ወንጪ ያሉትን አባቷን ልንጠይቅ። ካንሰሩ ከለቀቀኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ነፍሴን ያተረፈው ኬሞቴራፒ ግን ዘሬን አድርቆታል። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሐኪሜን "ስቴም ሴል የሚሉት ሕክምናስ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ዘር የሚያመነጩትን ሴሎች ከኬሞው በፊት ወስዶ አቆይቶ፣ በኋላ መመለስ ነው አለኝ። ገና በእንስሳት ላይ ይሞከራል፤ እኔ ደግሞ ያስቀመጥኩት የለም። ይህን የምናውቀው እኔና ሌሊሴ ብቻ ነበርን፤ አማቴ ቢሰሙ ልጃቸውን መልሰው የሚወስዱብኝ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ተጠቅጥቀን ሄድን። ከተራራው አፋፍ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአማቴ ቤት ለመውረድ ፈረስ ተከራየን። ሌሊሴ የአገሯ ነው፣ ቀጥ ብላ ትጋልባለች፤ እኔ ጋማው ላይ ሙጭጭ አልኩ።

"የከተማ ልጅ! ፈረሱን አነቅከው እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ስትስቅ እንዴት እንደምወዳት!

ስድስት ሰዓት

አማቴ ኦቦ ገመዳ "አካም ጅርታን!" እያሉ ደጅ ድረስ ወጥተው ሳሙን። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። እንደ ጴንጤ ቤት ወግ መጀመሪያ ጸለዩ።

"ጌታ ሆይ፣ የልጄን ማህፀን ክፈት። እንከኑ ከእኔ ነው ብላናለች፤ አንተ ግን ትችላለህ።"

ዓይኔን ገለጥኩ። ሌሊሴ አንገቷን ደፍታ "አሜን" አለች። እኔን ግን አሜኑ አልወጣልህ አለኝ።

"አባባ፣ እንከኑ የእኔ ነው" አልኩ። ሌሊሴ ኮቴን ጎተተችኝ፤ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሽማግሌው "መድኃኒቱስ?" አሉ።

"ለሰው ገና ነው። ቢደርስም ለእኔ የሚሆን አይመስልም።"

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በክፉ ዘመን ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ በልተን ከርመናል። ዘሩን በልቶ ነፍሱን ያተረፈን ሰው ማን ያነውረዋል?" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ ግን ለምን ዋሸሽኝ?"

"እሱን በሽታው ይበቃዋል ብዬ ነው፣ አባባ።"

ሁለታችንንም አጎረሱን፤ መጀመሪያ እኔን።

እሑድ፣ አምቦ

ሸክሙን ብቻዬን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሜቱን እየተቀበለችልኝ ኖሯል። ይህን ለማወቅ ወንጪ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ከበራችን ስንደርስ ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት ሌሊሴን "አባትሽ ለማህፀንሽ መድኃኒት አገኙልሽ?" አሏት። እንደ ልማዷ ፈገግ ልትል ስትል ቀደምኳት።

"እትዬ፣ መውለድ የማልችለው እኔ ነኝ።"

መንገድ ላይ እጄን ይዛኝ የማታውቀው ሌሊሴ፣ በሴትየዋ ፊት እጄን ይዛ አስገባችኝ።