ለመንገድ የተተከለ ድንኳን

ዳይሬክተራችን የእሾሃማ ሽቦ ጥቅል ካስረከቡኝ ሳምንት ሊሆነው ነው። ጥቅሉ በመምህራን ክፍል ከጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ፣ በተነሣሁ ቁጥር ቀሚሴን ይይዝብኛል። የታዘዝኩት ሥራ ቀላል ነው። ተማሪዎቻችን ከበሩ ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ዙሪያውን የተነጠፈላቸውን ድንጋይ ትተው ሣሩን በሰያፍ ያቋርጣሉ፤ ከመመላለሳቸው ብዛት በሣሩ መካከል አመድማ መስመር ወጥቷል። እሱን እንድዘጋ ነው። የግቢ ውበት ክበብ ኃላፊ ነኝ፤ ሥርዓትም እወዳለሁ፤ ጠመኔ እንኳ በየቀለሙ ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ሽቦውን መዘርጋት ግን አቃተኝ። በዕረፍት ሰዓት ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። የእግር መንገድ ሲዘጋ አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ውጤት መጠበቅን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ሰውነት ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ልብ ግን መናኸሪያ ቆሞ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። የአዳማ ክረምት እንደ ደጋው ቀኑን ሙሉ አያንጠባጥብም። ድንገት ወርዶ ያጥባል፣ ወዲያው ፀሐይ ትወጣለች፣ አፈሩም እንደ ሽሮ ድስት ይተናል። በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል። እኔ አንዱን በቆሎ ይዤ ቁጭ ብዬ መጨረስ አልችልም ነበር፤ እየጋጥኩ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው አቋራጭ ስመላለስ እውላለሁ።

አቋራጩ ቁልቋልና ግራር የበቀለበትን ክፍት ሜዳ አልፎ ወፍጮ ቤቱና ገበያው ጋ ያደርሳል። ማንም አልሠራውም፤ የሄዱበት ሰዎች እግር ነው ያወጣው። በአስፋልቱ ልዙር ያለ ሰው ባጃጅ መያዝ አለበት፤ በአቋራጩ ግን እናቴ ወጥ ጥዳ ወፍጮ ቤት ደርሳ ሳያርር ትመለሳለች።

ከሁላችንም ይልቅ መንገዱ የጋሽ ሙሉጌታ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ ወጥተው ጎረቤታችን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው ከብርሃንና ከጨለማ በስተቀር የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን በአቋራጩ ይሄዳሉ። ወፍጮው ፊት ለፊት እየጮኸ ይመራቸዋል፤ ከመንገዱ ሲወጡ ደግሞ ሣሩ እግራቸውን ይነካዋል፣ ይመለሳሉ። እዚያ ማዶ ግራሩ ሥር ጓደኛቸው ኦቦ ቶላ የገበጣ ገበታቸውን አስቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ገበጣ በእጅ ዳሰሳ ይቻላል። ኦቦ ቶላ ከሩቅ ሲያዩዋቸው «አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ ዛሬም ልትሸነፍ መጣህ ወይ ይሏቸዋል። ጋሽ ሙሉጌታም፣ ጠጠር ስትሰርቅ እጄ ያይሃል ይላሉ። እጃቸውን ይዘን ልናደርሳቸው ስንል ይቆጡን ነበር። በቀን ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ የሚያደርጓት ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ሜዳው ለቤት ሠሪዎች ማኅበር ተሰጠ። ማኅበሩ ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት አልነበረም። አባቴ ጌታቸውም አባል ነበር። ሞጆ ደረቅ ወደብ እየተመላለሰ ይሠራ ነበር፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስንዞር፣ አከራይ በመብራትና በውኃ ሲጨቀጭቀን ኖረናል። መሬቱ የተሰጠ ዕለት አባቴ እንደ ልጅ ሲዘል አይቼዋለሁ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው አቋራጩ ይቅርልን ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሲያመለክት፣ የእኛ ቤት ከሁለቱም ወገን ሆኖ ዝም አለ። የሚመለከታቸው ኃላፊ ሰኞ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ብለው ነበር። ዶዘሩ ግን ዓርብ ጠዋት መጣ።

ያኔ ነው እትዬ አስካለ ብልሃቷን ያወጣችው። እትዬ አስካለ የእድራችንን ድንኳንና ወንበር የምትጠብቅ፣ ድምፅዋ ከጥሩምባው የማያንስ ሴት ናት። በእኛ ከተማ የለቅሶ ድንኳን መንገድ ላይ ከተተከለ መንገዱ ለቅሶ ቤት ሆነ ማለት ነው። ባጃጁ ጥሩምባ ሳይነፋ ይዞራል፤ አንሡልኝ የሚል ሰው አይኖርም። እስከ ሰኞ ድረስ ድንኳን እንትከልበት አለች። አሮጊቶቹ ሟች የሌለበት ድንኳን ሟች ይጠራል ብለው አማተቡ። ወጣቶቹ ግን ብረቱን ተሸክመው ወጡ፣ እኔም ወንበር ተሸከምኩ። ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልረሳውም።

ድንኳኑ ልክ በአቋራጩ አፍ ላይ ቆመ። የዶዘሩ ሹፌር፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ሲያየን ሞተሩን አጠፋ። ኮፍያውን አውልቆ ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብልሃቱ የሠራው በዚህ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከማዶ ሰፈር አንዲት እናት የስንዴ ንፍሮ ይዘው መጡ። አንዷ የራሷ ሐዘን ትዝ ብሏት ማልቀስ ስትጀምር ሌሎቹም ተከተሉ፤ እውነተኛ እንባ ነበር። እኔ ንፍሮውን በሳህን ሳዞር እጄ አያርፍም፣ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መጋረጃውን ገልጬ መንገዱን አያለሁ። ሹፌሩ በመጨረሻ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሟቹ ማን እንደሆኑ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ሌላ ንፍሮ ጨመርኩለት።

ጋሽ ሙሉጌታ በሰዓታቸው ደረሱ። በትራቸው የድንኳኑን ገመድ መታ። ቆሙ፤ ለቅሶውን አዳመጡ።

«ማን ነው የሞተብን?» አሉ።

እትዬ አስካለ ቀርባ በጆሮአቸው ነገረቻቸው።

«እንግዲህ እኔ በእግሬ ቆሜ ስሄድ ነው ድንኳን የተከላችሁልኝ?» አሏት።

«ለእርስዎ አይደለም ጋሼ፣ ለመንገዱ ነው።»

«መንገዱማ እኔ ነኝ። ንፍሮም ቀቅላችሁ እንደሆነ አምጡታ፣ ልቅመስልኝ።»

ሰዉ ሳቁን በነጠላው አፍኖ ሳለ ነው አባቴ የመጣው። ሞጆ ሳለ፣ ከሰፈራችን የመጣ የሚኒባስ ረዳት ከደጃችሁ ድንኳን ተተክሏል ብሎ ነገረው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት፣ እስኪደርስ ድረስ ማናችን እንደሞትን ሳያውቅ መጣ። መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና አየኝ።

«እናትሽስ?»

«ወፍጮ ቤት ናት አባዬ።»

መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማንም ምንም ሳይነግረው፣ ዶዘሩንና የሰዉን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው። ተነሥቶ እትዬ አስካለ ላይ መጮህ ጀመረ። ልጄን በሰው ቤት እንዳሳደግኩ አታውቂም ወይ፣ አንቺ የራስሽ ቤት ስላለሽ ነው አላት። እሷም ቤት አትሥራ ያለህ የለም፣ የምንረግጣትን ታህል ተዉልን ነው ያልነው አለችው። ድምፅዋ ግን እንደ ልማዷ አልነበረም።

«ጌታቸው፣ ተቀመጥ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ለቅሶ ቤት ቆሞ መከራከር ነውር ነው።»

አባቴ ተቀመጠ። ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ ሳህን ንፍሮ በሉ፤ ሽማግሌው ጫማህ የት አለ ብለው ጠየቁት፣ እግሩን ሳያዩ፣ ከአረማመዱ ሰምተው። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ራሷ ገመዱን ፈታች። ሌላም ሰው እንዲህ ከሩቅ አይቶ ቢደነግጥስ ብላ እንደሆነ በኋላ ነገረችን። በማግስቱ ዶዘሩ ሥራውን ጀመረ። ኃላፊው ሰኞ አልመጡም።

አባቴ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በቤቶቹ መካከል መተላለፊያ ይተው ብሎ ተነሣ። ከሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል ተባለና ድምፅ አጣ። በመጨረሻ ያገኘው በግንብ አጥሩ ላይ አንድ ጠባብ የብረት በር ነበር፤ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ የሚቀመጥ። ጋሽ ሙሉጌታ ጥቂት ጠዋቶች በሩን በበትራቸው አንኳኩ። አንዳንዴ ጥበቃው ይሰማል፣ አንዳንዴ ቁርስ ሄዷል። ከዚያ መምጣት ተዉ። ኦቦ ቶላ ገበጣቸውን ታቅፈው በጋሪ ወደ እሳቸው ይመጡ ጀመር፣ ግን እንደ ድሮው በየቀኑ አልነበረም። ጋሽ ሙሉጌታም ቀስ በቀስ እጃቸውን ሲይዟቸው መቆጣት አቆሙ። ያ ከሁሉም ይልቅ ከበደኝ።

ቤታችን ተሠራ። ጥሩ ቤት ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ሲያርፉ እውነተኛው ድንኳን ተተከለ። ኦቦ ቶላ አስከሬኑ በመንገዱ ይሂድ ብለው ለመኑ። በጠባቡ በር ግን አልጋው ከተሸካሚዎቹ ጋር አያልፍም። አባቴ መፍቻ አምጥቶ በሩን ከማጠፊያው ነቀለና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። አሳልፈናቸው ስንመለስ ጥበቃው በሩን መልሼ ልግጠመው ብሎ ጠየቀ።

«ተወው፣ ሰኞ እንገጥመዋለን» አለው አባቴ።

በሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዝጓል። ጠዋት ጠዋት የወፍጮ ደንበኞች እህላቸውን ተሸክመው በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ ይቀሰቅሱኛል። ኦቦ ቶላም በዚያው ያልፋሉ፤ ከሰላምታ በኋላ ለአንድ ልጅ ገበጣ አስተምሪልኝ ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሩ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ አሉ። ከመስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ልጆቹ ደወል እንዳያመልጣቸው በሣሩ መካከል ይሮጡ ነበር። ሽቦው መቼ ነው የሚዘረጋው አሉኝ።

«ሰኞ» አልኳቸው።