በምፅዋው ሰገነት ሥር የተጻፈው ስም

ባለፈው ሳምንት ጀርመን፣ ኒድ ሰፈር ለተከራየሁት ቤት መደርደሪያ የሚሆን ጣውላ ልገዛ ባውማርክት የሚባለው የግንባታ ዕቃ መደብር ገብቼ ነበር፤ ሠራተኛው እንጨቱን ሲቆርጥልኝ የተነሣው የመጋዝ ብናኝ ሽታ ጋሉስ ሰፈር ወደነበረው የድሮ ሕንፃችን ኬለር፣ አባባ ኢድሪስ እንጨት ወደሚሠሩበት ምድር ቤት፣ ይዞኝ ሄደ።

በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ ኢድሪስ ከእኛ በታች የሚኖሩ፣ ምፅዋ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ጡረተኛ አናጢ ነበሩ። እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ዘንድ እቆያለሁ፤ እኔ በጀርመንኛ ስመልስላቸው ያልሰሙ መስለው በአማርኛ ይጠይቁኛል። ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩልኝ ስላደጉበት ቤት ነበር፦ ከባሕር ተቆርጦ በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው ከክንድ የሚወፍር፣ ከላይ ደግሞ አባታቸው ያለ አንዲት ሚስማር የገጣጠሙት ባለ ፍርግርግ ሰገነት ያለው፤ በዚያ ፍርግርግ ሴቶቹ ሳይታዩ መንገዱን ያያሉ፣ የባሕሩም ነፋስ ተከፋፍሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል።

አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ፎቶግራፍ ላከችላቸው። ቤቱ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። ከሰገነቱ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበቡ፤ «ሠሪው አልታወቀም» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ኬለር አልወረዱም። በሦስተኛው ቀን ወረቀት አቀረቡልኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሙዚየሙ ጠባቂ ለሆኑት የድሮ የክፍል ጓደኛቸው፣ የአባታቸው ስም ሰገነቱ ሥር እንዲገባ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ ምላሴን ነክሼ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል እየሣልኩ ዋልን።

መልሱ በረዶ ሲጥል መጣ፤ የአዲሱ ጽሑፍ ፎቶግራፍም አብሮት ነበር። አባባ ኢድሪስ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። የአባታቸውን ስም «ሐሚድ» ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ «ሐመድ» ብዬ ጽፌ ኖሯል፤ በትግርኛ አፈር ማለት ነው። ጽሑፉን የሠራው ሰውም እንዳለ ገልብጦታል። እኔ አለቀስኩ።

እሳቸው ራሴን እየዳበሱ፣ «ብዙም አልተሳሳትሽም ልጄ፤ አባቴ አፈር ከሆነ ቆየ» አሉኝ። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን አቁመው፣ «ቢሆንም ስሙ ይጻፍለት። ቁጭ በይ፣ እንደገና እንጽፋለን» አሉ።

«ሚ»ን ገጽ እስኪሞላ አለማመዱኝና ጻፍን። መልሱን ስንጠብቅ ታመሙ፤ የጀርመኑ በጋ ሳያልቅም አረፉ። የታረመው ጽሑፍ ፎቶግራፍ የደረሰው ከቀብራቸው በኋላ ነው። እናቴ ፖስታውን ሰጠችኝ፤ ደረጃውን ወርጄ፣ በተቆለፈው የኬለራቸው በር ፊት ቆሜ፣ «ሐሚድ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በትክክል ነበር ያነበብኩት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህ የማን አባት ስም እንደሆነ፣ ለምንስ እንደተጻፈ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበር።