ሊጉ የፈረሰበት ዓመት

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ። የሚኒሶታን በረዶ አልፈራም፣ ሃይዌይ አልፈራም፣ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም እየተሳደቡ ምግብ የሚወረውሩብኝን ሽማግሌም አልፈራም። የምፈራው ልጄ ስትሮጥ ነው።

ልጄ ብሩክሊን ሴንተር አካባቢ ባለ ሃይስኩል አገር አቋራጭ ትሮጥ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር የሚወዳደርበት አንድ የቆየ ሊግ ነበር። ጂሙ ኮሪደር ላይ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ የትምህርት ቤቶቹ ስም፣ ከታች የየዓመቱ አሸናፊዎች። አሰልጣኙ እንደነገረን መጀመሪያ ዘጠኝ ነበሩ። ከዚያ ሀብታም የሚባሉት ሰፈሮች አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ተማሪያችን በዛ አለ፣ ሌላው መንገዱ ራቀን አለ። ስንት ዓመት ያልራቀ መንገድ! የኛ ልጆች ሲበዙ ነው የራቃቸው ብዬ በሆዴ አማኋቸው። ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ የቀሩት አራት ናቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉ ይፈርሳል ተባለ።

አሰልጣኙ ጠጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጆቹን ሰብስቦ፣ "በጥቅምት የምታሸንፈው ልጅ ስሟ ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ይሆናል" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሌላ ወሬ የላትም። "ማም፣ ያ ስፖት የኔ ነው" ትለኛለች።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወላጅ የሚሞላው የጤና ፎርም አለ። አንዱ ጥያቄ፣ ከቤተሰብ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ይላል። አለ። ታላቅ ወንድሜ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወደቀ፤ በዚያው አልተነሳም። እናቴ ምች ነው አለች፣ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሐኪም የጠየቀ የለም። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በልጄ ስም አጠገብ ሞት ልጻፍ? ሟርት አይደለም እንዴ! እኛ ቤት ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም። ለልጄም አጎት እንደነበራት ነግሬያት አላውቅም።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ከልምምድ መጥታ፣ ጫማዋን እየፈታች፣ "ማም፣ ዛሬ አዞረኝ፤ ልቤ ስኪፕ አደረገ" አለችኝ፤ ምቱን ዘለለ ማለቷ ነው። እንደ ቀላል ነገር!

"ውሃ ጠጪ፣ ምንም አይደለም" አልኳት። አፌ ነው እንዲህ ያለው። ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ልጸልይ ዓይኔን ስጨፍን ወንድሜ ሲወድቅ ነው የሚታየኝ።

የውድድሩ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ልጆቹ ወደሚሮጡበት ፓርክ ድራይቭ አደረግሁ። ልጆቹ መነሻው መስመር ላይ ሊቆሙ ነው። ልጄ ደረቷ ላይ ያለውን ቁጥር ታስተካክላለች፤ ለኔ ግን ልቧን የያዘች መሰለኝ። ሮጬ የአሰልጣኙን ክንድ ያዝኩ።

"ዋሽቻለሁ" አልኩት። "ፎርሙ ላይ ዋሽቻለሁ። ወንድሜ ሜዳ ላይ ወድቆ ነው የሞተው። እሷንም ሰሞኑን አዙሯታል።"

ሰውዬው አልተቆጣኝም። ሄዶ ቁጥሩን ከደረቷ ላይ ፈታው። "ማም፣ ኖ! ፕሊስ!" ብላ ጮኸች። የመነሻው ተኩስ ተሰማ፤ ሌሎቹ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጄ በሰፊው የቀደመቻት ልጅ አሸነፈች።

ለልቧ ምርመራ አራት ቀን ጠበቅን። ሻወር ከገባች በሩን እያንኳኳሁ "አለሽ?" እላለሁ። አትመልስልኝም፤ ውሃው ሲዘጋ ብቻ ነው ነፍሴ የምትመለሰው።

ልቧ በማሽን ታየ። ደህና ነው። ያዞራት ቁርስ ሳትበላ መሮጧ ነበር። እልል ልል ስል ሐኪሟ፣ "ነሐሴ ላይ ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት አይተናት እንድትሮጥ እንፈቅድላት ነበር" አለችኝ። ልጄ ቤት እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሰሌዳው አሁንም እዚያው አለ። ከመጨረሻው ስም በታች ባዶ ቦታ ተርፏል፤ ማንም አይጽፍበትም።

በቀጣዩ ነሐሴ ትምህርት ቤቷ የገባበት የአዲሱ ሊግ ስም ያለበት ፎርም መጣ። ልጄ እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋችው። "አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ከጎኑ "ወንድሜ፣ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ የሟቹን ስም አይጠይቅም። እሷ ግን፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ "ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ በአማርኛ።

ነገርኳት። ከቀብሩ ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር።