ከሸሪኬ ጋር በአንድ ሰንሰለት

የያዙኝ ጨው ሳስጭን ነው። ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ፣ ግራሮቹ ሥር፣ ግመሎቼ የሚንበረከኩበት ሜዳ ነበር። ረፋዱ ላይ ሁለት ዘበኞች መጡና አንደኛው «ምስለኔው ይፈልጉሃል» አለኝ። ምስለኔው የሚጭኑት ዕቃ ሲኖራቸው እንዲሁ ነበር የሚያስጠሩኝ። ስለዚህ ገመዱን ለሠራተኞቹ ሰጥቼ፣ የእጄን ጨው በሽርጤ ጠርጌ ተከተልኳቸው። የግቢውን በር ካለፍን በኋላ ወደ እልፍኙ ሳይሆን ወደ ጓሮ ሲያዞሩኝ ነው ለጭነት እንዳልተጠራሁ የገባኝ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ ከላይ ይጫናል፤ ከመሬቱ ደግሞ ነቀዝ የበላው የስንዴ ሽታ ይነሳል። ጥግ ላይ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ አላወቅሁትም። ሳውቀው ግን ዘበኞቹ መልሰው ቢያወጡኝ ተመኘሁ።

ሸሪኬ ነበር። የቀድሞ ሸሪኬ ብል ይሻላል። ሥራችንን ለሁለት ከከፈልን ወራት አልፈው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ አንዱ ጠርዝ፣ እኔ ወደ ሌላው ጠርዝ ነበር የምንሸሸው።

አንዱ ዘበኛ ሰንሰለት አምጥቶ የሱን ቀኝ እጅ ከኔ ግራ እጅ ጋር አቆራኘው።

«ባላጋራ ናችሁ አሉ። በሉ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» አለና ሄደ።

ሁለታችንም በሩን ስናይ ቆየን። በመጨረሻ ሸሪኬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ትናንት ነው ያመጡኝ።»

በአንድ ጎጆ አድረን፣ በአንድ ቅል ውሃ ጠጥተን የኖርን ሰዎች ነበርን። አንቱ መባባል የጀመርነው ከተጣላን ወዲህ ነው።

እኔ ከወሎ ሐዲዱን ተከትዬ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ። እሱ የተወለደው እዚያው ናዝሬት ዳርቻ ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይናገራል። ስንጀምር እኔ ግመል ነበረችኝ፣ እሱ በቅሎ። ባቡሩ ዕቃውን ጣቢያው ላይ አራግፎት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አርሲ አገር የሚያደርሰው ግን የነጋዴው ዕጣ ነው። ትልልቆቹ ቅፍለት ነጂዎች የባለሱቅን ዕቃ ይንቁ ነበር። አንድ ከረጢት ጨው፣ አንድ ቆርቆሮ ላምባ፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ የያዘ ሰው በራቸው ላይ ሲለምን ይውላል። እኛ እነዚያን ለማኞች ተቀበልናቸው። ቆላውን በግመል እስከ አዋሽ ማዶ፣ ዳገቱን ደግሞ በቅሎ ላይ አዛውረን እስከ ሁሩታ እናደርስላቸው ጀመር። ዕቃው ዝናብ ሳይነካው፣ ሳይጎድል ሲደርስ ባለሱቆቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። እኛ ሰው ፍለጋ አልሄድንም፤ ሰው ነው እኛን ፍለጋ የመጣው።

ከዚያ ሥራው ሰፋ። ወደ ዝዋይም መላክ ጀመርን፤ መንገዱን አጥንተን ሳይሆን ሰዎች ስለለመኑን። የማናውቃቸውን ሠራተኞች ቀጠርን። ድሮ ምሳ አብረን ስንበላ ነበር የነገውን የምንመክረው፤ ሥራ በዛ ብለን ያንን ተውነው። እሱ ጠዋት ያዘዘውን እኔ ከሰዓት አፈርሰዋለሁ፣ እኔ የላክሁትን እሱ ይመልሰዋል። ሠራተኞቹ የማንን እንደሚሰሙ ጨነቃቸው። በመጨረሻ እሱ ካሚዮን እንግዛ አለ፣ እኔ አይሆንም አልኩ፣ እሱ ገዛ። ያን ጊዜ ተከፋፈልን። ካሚዮኑንና በቅሎዎቹን እሱ፣ ግመሎቹን እኔ ወሰድን።

የታሰርንበትን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ከሥልጣን የወረዱት መስፍን ወገን የሆነ አንድ መልእክተኛ በነጋዴ ግመል ተጭኖ ወደ አርሲ ተሻግሯል ተብሏል። ያኔ የመስፍኑን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። የመስፍኑ ወገኖች ወሎ ስለነበሩ ወሎዬ መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር፤ ወሎዬም ሆኖ ግመል ያለው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ከሰዓት ይጠሩናል» አለኝ። «እኔን የያዙኝ ስለ እርስዎ እንድናገር ነው።»

ቀትር ላይ ሌላ ዘበኛ በሩን ከፈተ። የአርሲ ሰው ነበር፤ «አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ» ብሎ ሸሪኬን ሰላም አለውና ከሸሪኬ ሚስት የተላከ ዳቦና ንፍሮ አኖረልን። ሸሪኬ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

«ይብሉ።»

«እርስዎስ?»

«አልራበኝም።»

ውሸቱን ነው። የታሰረው ቀኝ እጁ ነበር። ለመጉረስ ሲል የኔን እጅ አብሮ መጎተት ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ምንም ነገር መጠየቅ አልፈለገም። በግራው እንደማይበላ አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ ብቻውን ታስሮ ሳለ በልቶ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ከንፈሩ ደርቋል።

ግራ እጄን ዘረጋሁና የሱን እጅ ሳህኑ ላይ አደረስኩት።

«ብላ» አልኩት።

አንተ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሱም ሰምቷል። ዳቦውን ቆርሶ ወደ አፉ ሲወስድ እጄ አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። እንዲህ እያልን ጨረስነው።

ውሃ ከጠጣን በኋላ፣ «ካሚዮኑስ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጭቃ ውስጥ ነው። አዋሽን ሳይሻገር ተቀርቅሮ ቀረ። በሬ አምጥተው ቢስቡት እምቢ አለ።» ፍርፋሪውን ከጭኑ ላይ አራገፈ። «የገዛሁት ለሥራው እንዳይመስልህ። ከተማው ቆሞ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። አየኝ፤ ይኸው ጭቃ ውስጥ ሳለሁም እያየኝ ነው። ግመሎቹስ?»

«ዳገት ላይ እግራቸው እየተሰበረ ነው። በቅሎ የለኝማ።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔም ተከተልኩት፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ሰንሰለቱም አብሮን ተንቀጫቀጨ። ዘበኛው በሩን በርግዶ አየንና ግራ ተጋብቶ መልሶ ዘጋው።

ሳቁ ሲያልፍ ሸሪኬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየውን የጫነው እሱ ነው አይደል?»

የግመሎቹን መሪ ማለቱ ነው። የአዋሽ በረሃ ከረዩ ነበር፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብሮን የሠራ።

«እሱ ነው። ንዳድ ይዞት ግራር ሥር ወድቆ አገኘሁት አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቀውም።»

«አይጠይቅማ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው እንዳያልፍ ያዘዝነው እኛ ነን። አገሩ እንዲወደን ብለን።»

«እኛ ነን።»

«አሁን የት ነው?»

«ሁሩታ። ሰሞኑን ይመለሳል።»

«ስሙን ትሰጣቸዋለህ?»

«አልሰጥም።»

ሸሪኬ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። መሪውን ቢይዙት የሚጠብቀው ግርፋት ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የሚከራከርለት ዘመድ እዚህ ከተማ የለውም።

«ስማኝ» አልኩት። «ሚስትህ ወራቷ ገብቷል። ተለያይተናል፣ ግመሎቹ የኔ አይደሉም በላቸው። እውነት ነው፤ አልዋሸህም። ቤትህ ግባ።»

 ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

የሶላት ሰዓት መድረሱን ከበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ገመትኩና ጥጉ ላይ ከነበረው ጋን ጥቂት ውሃ ቀድቼ ውዱእ አደረግሁ። ምንም ሳልለው ኩታውን አውልቆ መሬቱ ላይ አነጠፈልኝ። እኔ ጎንበስ ስል ጎንበስ አለ፣ ግንባሬን መሬት ሳስነካ እሱም እጄን ተከትሎ ወረደ። ጉልበቱን ያመው እንደነበር አውቃለሁ፤ በቅሎ ጥላው ነበር፣ አንድ ክረምት። እስክጨርስ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ዘበኛው ተነሱ አለን። ሸሪኬ «ቆየን» አለው። በጋኑ ውስጥ የቀረችውን የመጠጥ ውሃ እየተጋገዝን ፊታችንን ታጠብን። ጥምጥሜ ተፈትቶ ነበር፤ በአንድ እጅ ጥምጥም አይጠመጠምም። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን፣ እየዞርን ጠመጠምነው። እኔ ደግሞ አቧራ የጠጣውን ኩታውን አራግፌ ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አላጣደፈንም።

ምስለኔው ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ነበሩ። እኔን አለፉና ሸሪኬን ጠየቁት።

«ከዚህ ሰው ጋር ተለያይታችኋል ሲሉ ሰማሁ።»

«ሰው ብዙ ያወራል፣ ጌታዬ።»

«ካሚዮኑ የማን ነው?»

«የሁለታችን።»

«ግመሎቹስ?»

«የሁለታችን ናቸው። አልተለያየንም፣ ጌታዬ።»

ሰንሰለቱን ሳብ አደረግሁበት። ዞር ብሎም አላየኝ።

«መልእክተኛውን የጫነውን ሠራተኛ ስም ንገረኝና ጉዳዩ ይለቅ።»

«ሠራተኛ ያዘዝነውን ነው የሚሠራ። የታመመ ሰው ስታገኙ ጫኑ ብለን ያዘዝነው እኛ ነን። ማንነቱን ግን አላወቅንም። የሚጠየቅ ካለ እኛ አለን።»

ምስለኔው ትኩር ብለው አዩት። «ሚስትህ ደርሳለች አሉኝ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ነው የምትለው።»

ወደ መጋዘኑ መለሱን። ከዚያ በኋላ በጀርባችን ላይ የሆነውን አልተርክም፤ አልፏል። በማግስቱ ሚስቱ ስንቅ ስታመጣ ሸሪኬ ሳህኑን ሲቀበላት አንድ ቃል ሹክ አላት፤ የግመሎቹ መሪ ሁሩታ ከዘመዶቹ ዘንድ እንዲቆይ መልእክት ተላከለት። አልተያዘም።

ክረምቱን እዚያው አሳለፍነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር ስለማንችል ዝም ብለን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሲያባራ ስለ ሥራው እናወራለን። ካሚዮኑ በበጋ ይሂድ፣ በክረምት ይቁም። የዝዋዩን መንገድ እስክናጠናው እንተወው። ማዘዣ ሁሉ ከአንድ አፍ ይውጣ፤ ከምሳ በኋላ። ሥራ የሚባል ነገር በእጃችን ሳይኖር በሕይወታችን እንደዚያ መክረን አናውቅም።

አንድ ቀን የአርሲው ዘበኛ አውጥቶ ከአጥሩ ሥር አቆመን። የሸሪኬ ሚስት ከአጥሩ ማዶ ቆማለች፤ በእቅፏ የተጠቀለለ ሕፃን አለ። ሴት ናት አለችው። በአጥሩ ክፍተት አሳልፋ ሰጠችው። ሊቀበላት ቀኝ እጁን ሲያነሳ የኔም ግራ አብሮ ተነሳ፤ ላወርደው ብል እሱም ሊያወርድ ነው። ስለዚህ በሁለታችን እጅ ያዝናት። ሰንሰለቱ እንዳይነካት እኔ መዳፌን ከሥሩ አደረግሁ። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግቢው በር አዞረ። እንድንቸኩል አልነገረንም፤ እኛም አልቸኮልንም። ሸሪኬ እያለቀሰ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ያስፈቱን ባለሱቆቹ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ነገሩም ሲበርድ፣ እነዚያ አንድ ከረጢት ጨውና አንድ ቆርቆሮ ላምባ ይዘው ይመጡልን የነበሩት ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስበው ምስለኔው ፊት ቆሙና ዋስ ሆኑን። ከትልልቆቹ ደንበኞቻችን አንድም አልመጣም። አልተቀየምኳቸውም፤ ጊዜው ያስፈራ ነበር።

እንደገና አንድ ላይ ሠራን። የጣልያን ጦርነት መጥቶ እንስሳቱንም ካሚዮኑንም እስኪወስድብን ድረስ ከምሳ በፊት ማንም ለማንም ትእዛዝ ሰጥቶ አያውቅም። በሥራ ጉዳይ አልተጣላንም አልልም፤ በየሳምንቱ እንጣላ ነበር። ግን አንቱ አልተባባልንም።

ሸሪኬ ካረፈ ቆይቷል። እኔ አሁን ከቤቴ ደጃፍ ርቄ አልሄድም። ሱቅ የከፈቱ፣ መኪና ለመግዛት ያሰቡ የሰፈር ወጣቶች አልፎ አልፎ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ። «አባባ፣ እናንተ ያንን ሁሉ ሥራ እንዴት ጀመራችሁት?» ይሉኛል። የበቅሎዋንና የግመሏን ነገር አጫውታቸዋለሁ፤ እሱን መስማት ይወዳሉ። በልቤ ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ያ ከሰዓት ነው፤ ምስለኔው ፊት ቆመን፣ ቤቱ መግባት የሚችለው ሰው «የሁለታችን ነው» ያለበት። እኔ ሸሪክ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።