የታክሲው የኋላ እግር
አባቴ ሥራ ቢያቆምም አሮጌ ታክሲውን አልሸጠም። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ያደርስበት ነበር። አንድ ቀን ወደ ሸዋ በር ሲወርዱ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት፣ አንድ ሚኒባስ ሊገጭ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። የነገረችኝ እሱ ሳይሆን ልጄ ናት።

ከድሬ ጠያራ የሚመጣ መካኒክ አስጠራሁ። ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አነሳና የኋላ ጎማውን ፈታ። ፍሬኑን ለማየት ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ እነሱ ሞዞ የሚሉት፣ መውጣት ነበረበት። ብረቱ ግን ከዘንጉ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ባለ ሦስት ክንድ መሳቢያ አስሮ ወጠረው፤ በመዶሻም ደጋግሞ መታው። ንቅንቅ አላለም።

«በእሳት ብናሞቀውስ?» አለ አባቴ።

«አይሆንም አባባ፣ ውስጡ ዘይት አለ። እንደተወጠረ ይደር፤ ኢንሻአላህ ነገ ይለቃል።» ሲወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሲለቅ እንደ ጥይት ነው። ፊት ለፊቱ ማንም እንዳይቆም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግቢው ጠበበኝ። አሮጌ የእንጨት በር ጎትቼ አስደገፍኩበት። የታጠበ ልብሴን ከገመዱ ለማንሳት እንኳን በዚያ በኩል ማለፍ ፈራሁ።

በማግስቱ ልጄን በእግር አድርሼ ስመለስ፣ በራችን ጋ ስደርስ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻው አጠገቡ ወድቋል፤ ያስደገፍኩት በር ወደ ጎን ተነስቷል። ራሱን፣ ደረቱን ዳበስኩ። ደም የለም።

«አልነካኝም» አለ።

መካኒኩ ብረቱን ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ዳዶ ጨርሶ አላወጣውም ነበር፤ አላልቶ ጫፉ ላይ ትቶታል። ብረቱ ጣት ያህል ዘሎ እዚያ ላይ ተያዘ። ዳዶው ባይኖር ኖሮ ፊት ለፊቱ የነበረውን አባቴን ይመታው ነበር።

«ለምን ብቻህን ነካካኸው አባዬ?»

«ያን ቀን ፍሬኑን ስረግጠው ባዶ ሆነብኝ» አለ። «ልጅቷ ከኋላ እያወራችኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው።»

መካኒኩ መጥቶ ሲከፍተው የፍሬኑ ሸራዎች በዘይት ርሰዋል፤ አንደኛው ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። «አልሐምዱሊላህ» አለ ቀስ ብሎ።

በሌላኛው ጎን ያለውን የኋላ እግር መፍታት ሲጀምር አባቴ ማንም ሳይነግረው ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ጆሮዬን ያዝኩ። ብረቱ ደግሞ እንደ ተኩስ ጮኸ። ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«የተነካ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ።

ፍሬኑ ከተሠራ ወዲህ ታክሲውን እየነዳሁ ልጄን የማደርሳት እኔ ነኝ። አባቴ ጎኔ ይቀመጣል፤ እስክንደርስ ድረስ እጁን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አያነሳም።