ዘይት ላይ የዘነበ ወርቅ

ባለቤቴ ወርቅ ሲያዘንብ ነው የሚውለው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አንገቴንና ጆሮዬን ያያል፤ ከጋብቻ ቀለበቴ በቀር ምንም ሲያጣ ያዝንልኛል።

የሚሠራው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ነው። ትልቅ ድስት የሚያህል የብረት ጋን አለው። የጉሎ ዘይት በብርጭቆ ሳህን አድርጎ ከታች ያስቀምጣል፤ ከላይ ሳንቲም የሚያህል ስስ ወርቅ ይሰቅላል። አየሩን በፓምፕ መጥጦ ካወጣ በኋላ ትንሽ ጋዝ ይለቅና ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ያኔ ጋዙ ወርቁን እየደበደበ ያረግፈዋል፤ የረገፈውም ዓይን የማያየው ቅንጣት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። «በውሃ አይሆንም ወይ?» ብዬው ነበር። «አየር በሌለበት ውሃ ፈልቶ ያልቃል፤ ይሄ ዘይት ግን ቻይ ነው» አለኝ። እኔንም ያገባኝ ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ያ ሁሉ ወርቅ ዘንቦበት ዘይቱ ቢጫ አይሆንም፤ ቀይ ይሆናል። ወርቅ እንዲያ ሲደቅ መልኩ ይለወጣል አሉ። ባለቤቴ ያን ቅላት ሲያይ እንደ ሙሽራ ፊቱ ይፈካል። ጎረቤቶቻችን ግን የፀጉር ቅባት ነጋዴ ነው የሚመስላቸው።

አንድ ልማድ አለው፤ ጋኑን ከመንካቱ በፊት ቀለበቱን አውልቆ አጠገቡ ባለ ንጹሕ ባዶ ሳህን ላይ ያስቀምጣል። ኤሌክትሪክና ቀለበት አይዋደዱም። ከተጋባን ጀምሮ ረስቶት የመጣበት ቀን የለም።

አምና ክፍሉ የአሮጌ ወንበር ማከማቻ ሊሆን ነው ተባለ። ከበላይ የሚመጡት እንግዶች ካልወደዱት ጋኑ ይነቀላል። «ከዚያ በኋላ እኔ ምን ልሆን ነው?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። ሸሚዙን ደጋግሜ ተኮስኩለት።

እንግዶቹ መጡ። ቀዩን ዘይት እያሳየ ሲያስረዳቸው መሪያቸው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ቀለበቱ ያለበት ሳህን ላይ አረፈ።

«እሰይ! ተጨባጭ ውጤት ማለት ይሄ ነው!» አሉ ቀለበቱን አንስተው። ውስጡ የእኔ ስም ተቀርጿል፤ እሳቸው ግን የማሽኑ ስም መሰላቸው።

«አይ ጌታዬ፣ እሱ እንኳን...» ሲል አጠገቡ የቆሙት የተቋሙ ዳይሬክተር እግሩን ረገጡት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉት በጆሮው። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ፎቶ ተነሱ፤ ጋኑም ከመነቀል ተረፈ።

ባዶ ጣቱን ይዞ ቤት ገባ።

«ክፍሉ ተረፈልኝ» አለ፤ ደስታና ሐፍረት ተደባልቆበት።

«ቀለበትህስ?»

«ዋናው መግቢያ ላይ... መስታወት ውስጥ ነው።»

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ከሥሩ «የተቋማችን የመጀመሪያ ምርት» ተብሎ ተጽፏል። ጠጋ ብል ጥበቃው «እትዬ፣ አይነካም፤ የሀገር ሀብት ነው» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ መንገድ ላይ ግን አለቀስኩ።

ዘንድሮም እንግዶቹ ይመጣሉ። ዳይሬክተሩ ምርቱ አድጎ ጥንድ ሆኖ እንደሚጠብቃቸው ቃል ገብተውላቸዋል። ባለቤቴ ሰሞኑን ምግብ አይበላለትም፤ ዝም ብሎ ያየኛል።

ትናንት ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ስንት ጊዜው! በፍቅር መስሎኝ ደስ አለኝ። በሳሙናው መሃል ቀለበቴን ቀስ እያለ ማዞር ሲጀምር ግን ጣቴን ጨበጥኩ።