ልጄ ዶሮ ያባረረች ዕለት

ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ጂንካ የሆነ ነው። ዛሬም ለሰው ሳወራው ድምፄ ይጨምራል፤ ባለቤቴ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይለኛል። ይስማ!

በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። የአከራያችን የእትዬ አስቴር ግቢ ሰፊ ነው፤ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። በቆሎ ሸራ ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፤ እሱ ሲነሳ ቦሎቄ ይተካል። እኔም የሰው እህል እንዳይበላሽ ብዬ ልጄን ቃልኪዳንን ከአልጋ አላወርዳትም። ተከራይ ስትሆኑ ሳል እንኳ ታፍናላችሁ።

ቃልኪዳን ዓመት ከስምንት ወር ሞላት፤ አትሄድም። ሐኪም አያትና «እግሯ ጤነኛ ነው። የት ነው የምትጫወተው?» አለኝ። «ቤት ውስጥ» አልኩት። የሆነ በሽታ የደበቀኝ መስሎኝ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ላይ አስቀምጫት ልብስ አጥባለሁ። እትዬ አስቴር ጓሮ፣ እንሰታቸው ውስጥ ናቸው። አንዲት ቀይ ዶሮ መጥታ የተሰጣውን በቆሎ ትጭር ጀመር። እጄ አረፋ ስለሆነ ከተቀመጥኩበት «እሽ!» አልኩ። ዶሮዋ ንቅንቅ አላለችም።

ልጄ ግን ተነሳች! የበሩን መቃን ይዛ ቆመች፤ ለቀቀችው። «እሽ! እሽ!» እያለች ቀጥታ በቆሎው ላይ። ወደቀች። ተነሳች! ዶሮዋ ስትሸሽ ተከተለቻት። እኔ ሳፋውን ገልብጬ ጩኸቴን ለቀቅኩት።

እትዬ አስቴር ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። «እባብ ነው?»

«ሄደች! ቃልኪዳን ሄደች!»

ዱላውን ጥለው እልልታውን አቀለጡት። ያኔ ነው የተበተነውን በቆሎ ያየሁት። ይቅርታ እያልኩ ልለቅም ስጎነበስ እጄን ያዙኝ።

«ተይ! እኔ እኮ ግቢያችንን ንቀሽ ልጅሽን የምትደብቂ መስሎኝ ነበር። ልጅ ካልሮጠበት ግቢ ምን ያደርጋል?»

ወዲያው ሸራውን ከነበቆሎው ወደ ጥግ ሳቡት፤ ቃልኪዳንንም የዶሮ አባራሪ አድርገው ሾሟት። ሥራዋን እንዴት እንደወደደችው! በሳምንቱ እኔም አልደርስባት አልኩ።

አሁን ስድስት ዓመት አልፏታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራልኝ ትፈተለካለች፤ ባየኋት ቁጥር ደስታዬ ልክ የለውም። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ጊዜ «ልጅሽን ግቢ እንዳታወርጃት» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።